ቍስልን ስለ ማሰርና ቆዳን ስለ መጠበቅ



ሰው በቆሰለ ጊዜ ዘመዶቹ ሁሉ ዐይናቸውን በቍስሉ ላይ ያደርጋሉ፤ ጥልቀቱን ይመረምራሉ፤ ደሙ መቆሙንም ይጠይቃሉ። ይህ የሚገባ ነገር ነው። ነገር ግን በቍስሉ ዙሪያ ያለውን ደኅና ቆዳ የሚመለከት ሰው ጥቂት ነው። የመሸፈኛው ጠርዝ የሚያርፈው ግን በቍስሉ ላይ ሳይሆን በዚሁ በደኅናው ቆዳ ላይ ነው፤ ማጣበቂያ ያለው እንደ ሆነም ማጣበቂያው የሚይዘው፥ በሚነሣበትም ጊዜ የሚጎትተው ይህንኑ ቆዳ ነው። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ልናስረዳ ያሰብነው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ቆዳው የሳሳ ወይም በላብ የራሰ ሰው ቍስሉ ሊታሰርለት ይገባል እንጂ ሊለጠፍበት አይገባም የሚል ነው።

ምክሩ ለሁሉ የሚጠቅም ቢሆንም በአዳማ (ናዝሬት) ከተማና በስምጥ ሸለቆው ከተሞች፥ ከሞጆ እስከ መተሐራ፥ ከመቂም እስከ ባቱ (ዝዋይ) ለሚኖሩ ቤተ ሰቦች ይልቁንም ያስፈልጋል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ከፍ ያለች ስትሆን መተሐራ ግን ወደ 950 ሜትር ዝቅ ብላ ትገኛለች፤ እንግዲህ ከደጋው ወደ አዋሽ ሸለቆ በወረድን መጠን ሙቀቱ ይጨምራል፤ ሰውነትም ያለ ማቋረጥ ያልበዋል። የአዳማ ነፋስ ደግሞ ምን ያህል እንደ ሆነ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ነፋሱን ወደ ኤሌክትሪክ ኃይል ለመለወጥ ከከተማው አጠገብ የተተከሉትንና ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠሩትን ታላላቅ መዘውሮች ይመልከት። ይህ ነፋስ የእሳተ ገሞራ አመድ ያለበትን ደቃቅ አፈር እያነሣ በሰውም በቤትም ላይ ይበትናል። ላብና አቧራ በተገናኙበት ቆዳ ላይ የተለጠፈ ፕላስተር ጠርዙ ይነሣል፤ ከሥሩም እርጥበትና እድፍ ያከማቻል፤ ባለቤቱ ግን ቍስሉ ተሸፍኗል ብሎ ያለ ሥጋት ይሄዳል።

በዚህ አገር ለመቍሰል ምክንያት የሚሆነው ነገርም ብዙ ነው። ስኳር ማምረት ከተጀመረበት ከ1946 ዓ.ም. አንሥቶ በወንጂ፥ ከዚያም በኋላ በመተሐራ፥ ሸንኮራ የሚቈርጡ ሠራተኞች በገጀራና በሸንኮራው ቅጠል ስለት ይቈስላሉ። በባቱ የጽጌረዳ አበባ የሚለቅሙ ሠራተኞች እጃቸውን እሾህ ይወጋቸዋል። በየቤቱም ቢላዋ፥ የፈላ ውሃ፥ የጋለ ምጣድ አለ። ከነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ጫማ ያላቈሰለው የማይመስለው፥ ነገር ግን ቀስ እያለ የሚከፈተው የሽማግሌና የስኳር በሽተኛ እግር ነው። ስለዚህ ኋላ እንመለስበታለን።

እንግዲህ ፕላስተር ቆዳን እንዴት እንደሚጎዳ እናስረዳ። የቆዳችን የላይኛው ልባስ እጅግ ስስ ነው። ማጣበቂያው ይህን ልባስ ይይዛል፤ አንዳንዱም ማጣበቂያ በቆየ መጠን፥ በሰውነትም ሙቀት በለሰለሰ መጠን፥ አያያዙ ይጠብቃል። በሚነሣበት ጊዜ የቆዳው ልባስ አብሮ ይነሣል፤ በዚያው ስፍራ ደጋግሞ ሲለጠፍና ሲነሣ ቆዳው ቀልቶ በመጨረሻ ይላጣል። ሁለተኛ፥ ፕላስተሩ ተወጥሮ የተለጠፈ እንደ ሆነ፥ ወይም ከተለጠፈ በኋላ የሰውነቱ ክፍል ያበጠ እንደ ሆነ፥ በጠርዙ ላይ ውሃ የቋጠረ ቍስል ይወጣል። ሦስተኛ፥ አንዳንድ ሰው ማጣበቂያው ራሱ አይስማማውም፤ በብዙ ዓይነት ፕላስተር ውስጥ ከጥድ ዛፍ የሚገኝ ሙጫና የጎማ ዝቃጭ ስለሚገባ የማይስማማው ሰው ቆዳ በፕላስተሩ ቅርጽ ልክ ይቀላል፤ ያሳክከዋል፤ ሽፍታም ያወጣል። አራተኛ፥ አየር የማያሳልፍ ፕላስተር ላብን አፍኖ ስለሚይዝ ቆዳው ነጥቶ ይርሳል፤ የራሰም ቆዳ በቀላሉ ይቀደዳል፤ ለጀርምም በር ይከፍታል። እንግዲህ ትንሹን ቍስል ለመሸፈን ሲባል ታላቅ ቍስል መክፈት፥ ቅንድብ አበጃለሁ ሲሉ ዐይን ማጥፋት እንደሚባለው መሆኑ ነው።

ይህ ጉዳት ወደ ሁሉም እኩል አይመጣም። ብርቱ የሆነ ጐልማሳ ጣቱን ጥቂት ቢቈረጥና ለአንድ ቀን ፕላስተር ቢለጥፍ ምንም አይሆንም። ሊጠነቀቁ የሚገባቸው እነዚህ ናቸው፤ ሕፃናት፥ ይልቁንም ቀናቸው ሳይደርስ የተወለዱ፤ ቆዳቸው እንደ ስስ ወረቀት የሳሳ ሽማግሎችና አሮጊቶች፤ የስኳር በሽታ ያለባቸው፤ እግራቸው የሚያብጥባቸው፤ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለውን መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ፤ አስቀድሞም ፕላስተር አላስማማ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ለነዚህ ሰዎች ማጣበቂያ የሌለውን መሸፈኛ መምረጥ የቅንጦት ነገር አይደለም።

ያለ ማጣበቂያ ቍስልን ማሰር ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። አባቶቻችን በጦር ሜዳ የቈሰለውን ጓዳቸውን ከመቀነታቸውና ከኩታቸው ቀደው ያስሩት ነበር። በ1888 ዓ.ም. ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች ወደ አዲስ አበባ መጥተው ቍስለኞችን አክመዋል። ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በተቋቋመ ጊዜም ጦርነቱ እየቀረበ ስለ ነበረ ጥጥና ፋሻ ታላቅ ሀብት ነበረ። በአዳማም ከነፃነት በኋላ፥ በ1930ዎቹ ዓመታት ማብቂያ፥ ሜኖናይት የተባሉት ሚስዮናውያን አስቀድሞ የጥጥ መዳመጫ የነበረውን ሕንፃ ሆስፒታል አድርገው ሥራ ጀመሩ፤ ሆስፒታሉም በአርበኛው በኃይለ ማርያም ማሞ ስም ተጠራ። ዛሬ የአዳማ ሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ የሚባለው የዚያ ተከታይ ነው። በዚያው ሆስፒታል ድሬሰሮችን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት ነበረ። ድሬሰር ማለት ከእንግሊዝኛ የመጣ ቃል ሲሆን ትርጓሜው ቍስልን የሚያለብስ፥ የሚያስር ማለት ነው። በየገጠሩ ጤና ጣቢያ ሕዝቡ እንደ ሐኪም ያከብራቸው የነበሩት ድሬሰሮች የስማቸው መነሻ ይህ ቍስልን አጥቦ በሥርዓት የማሰር ሙያ ነው።

ጥጥና ጎዝ ያለበት ትንሹ ፕላስተር ግን የመጣው ከሌላ ሐሳብ ነው። በአሜሪካ አገር በጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኧርል ዲክሰን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1920 ሚስቱ ወጥ ቤት ስትሠራ ጣቷን ደጋግማ ትቈረጥ ስለ ነበረ፥ ብቻዋን ሆና በቶሎ ልትሸፍነው የምትችለውን ነገር አሰበላት። ስለዚህ ፕላስተር ከመጀመሪያው የታሰበው ለጤናማ ሰው ለትንሽ የጣት ቍስል ነበረ። ለዚያ መልካም ነው፤ ለሽማግሌ ቅልጥም ግን አልታሰበም።

አሁን ወደ አመራረጡ እንግባ። መልካም የቍስል አስተሳሰር ሦስት ድርብ ያለው ነው ብንል ነገሩ በቀላሉ ይገባል።

የመጀመሪያው ድርብ ቍስሉን የሚነካው ነው። ይህ ከቍስሉ ጋር የማይጣበቅ መሆን አለበት። ደረቅ ጎዝ በቀጥታ በቍስል ላይ ቢደረግ ከቍስሉ ፈሳሽ ጋር አብሮ ይደርቅና በሚነሣበት ጊዜ አዲስ የበቀለውን ሥጋ ይነቅላል። ስለዚህ በመድኃኒት ቤት ቫዝሊን ጎዝ እየተባለ የሚጠራው ቅባት የጠጣ መረብ ጨርቅ ይመረጣል። ይህን ዓይነት መሸፈኛ በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን ያዘጋጀው ከወንድሙ ጋር የሲኒማ መሣሪያ በመሥራት ስሙ የታወቀው ፈረንሳዊው ኦግዩስት ሉሚየር ነው። ከዚያ ወዲህ ሲሊኮን የተቀባ መረብና ፊቱ ለስላሳ የሆነ የማይጣበቅ ፓድ ተገኝቷል፤ ዋጋቸው ግን ከፍ ይላል። የቅባቱ ጎዝ የተገኘ እንደ ሆነ ለብዙው የቤት ቍስል ይበቃል።

ሁለተኛው ድርብ ፈሳሹን የሚመጥ ነው። ለዚህ ተደራርቦ የታጠፈ ንጹሕ ጎዝ ይበቃል፤ ፈሳሹ የበዛ እንደ ሆነ ጠርዙ ማጣበቂያ የሌለው የስፖንጅ መሸፈኛ ይሻላል። የተበተነ ጥጥ ግን በቍስል ላይ ማድረግ አይገባም፤ ክሩ በቍስሉ ውስጥ እየቀረ ያስቸግራልና።

ሦስተኛው ድርብ የሚያስረው ነው። ለእጅና ለእግር የጎዝ ፋሻ፥ ለመገጣጠሚያም የሚለጠጥ ፋሻ ይስማማል። ለጣት፥ ለክንድና ለራስ እንደ ካልሲ የሚጠለቅ መረብ ፋሻ አለ፤ ቋጠሮም መርፌ ቁልፍም አያስፈልገውም። እንዲሁም ከራሱ ጋር ብቻ የሚጣበቅ፥ ቆዳንና ጠጕርን ግን የማይዝ ፋሻ በመድኃኒት ቤት ይገኛል፤ በአንዳንዱ ውስጥ የጎማ ዝቃጭ ስላለ ጎማ የማይስማማው ሰው በመጠቅለያው ላይ ላቴክስ የሌለው መሆኑን ያረጋግጥ። የፋሻው ጫፍ በፕላስተር ሊያዝ ቢያስፈልግ እንኳ ፕላስተሩ በፋሻው ላይ ይለጠፍ እንጂ ቆዳን አይንካ። ፋሻ ባልተገኘ ጊዜ ታጥቦ፥ ፈልቶ፥ በካውያ የተተኰሰ የጥጥ ጨርቅ ለዚህ ለሦስተኛው ድርብ ያገለግላል፤ የቤት እመቤቶች ያረጀ ንጹሕ ነጠላ ከመጣል ይልቅ ለዚህ ቀድደው ጠቅልለው ቢያስቀምጡት መልካም ነው።

አስተሳሰሩም ጥበብ አለው። በእግርና በእጅ ላይ ፋሻ ከታች ወደ ላይ፥ ከጣት ወደ ልብ አቅጣጫ ይጠቀለላል፤ እያንዳንዱም ዙር ያለፈውን ዙር እኩሌታውን እየሸፈነ ይሄዳል። የጣት ጫፍ ተገልጦ ይቀር፤ ጥፍሩን ተጭነው በለቀቁት ጊዜ በሁለት ሰኮንድ ያህል ውስጥ ቀለሙ ካልተመለሰ፥ ጣቱ ከቀዘቀዘ፥ ከደነዘዘ ወይም ከጠቈረ ፋሻው ጠብቋልና ወዲያው ይፈታ። የደም ሥሩ የጠበበበትን የሽማግሌ እግር ሐኪም ሳያዝ በሚለጠጥ ፋሻ አጥብቆ ማሰር አደገኛ ነው፤ ለእርሱ ላላ ያለ የጎዝ ፋሻ ይበቃል።

ከማሰር አስቀድሞ መታጠብ ይገባል። የሚያስረው ሰው እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ቍስሉም በንጹሕ ውሃ፥ ወይም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይጠብ። በቍስል ላይ የቡና ዱቄት፥ አመድ፥ አፈር ወይም እበት ማድረግ መንጋጋ ቆልፍ የሚባለውን ብርቱ በሽታ ሊያስከትል ይችላል። በእሳት ወይም በፈላ ውሃ ለተቃጠለ ሰው ቅቤና የጥርስ ሳሙና መቀባት ልማድ ሆኗል፤ የሚገባው ግን የተቃጠለውን ስፍራ ለ20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ማቀዝቀዝ ነው፤ በረዶም አይደረግበት። ማርን በተመለከተ፥ በሆስፒታል የሚሠራበት ለሕክምና ተብሎ ከጀርም የጸዳ ማር አለ፤ ከገበያ የተገዛው ማር ግን እንዲህ ስላልጸዳ በቍስል ላይ እንዲደረግ አንመክርም።

ቍስል በነፋስና በፀሐይ ተገልጦ ሲደርቅ ይድናል የሚለው አሳብም የተሳሳተ ነው። ጆርጅ ዊንተር የተባለው ሊቅ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1962 በአሳማ ቆዳ ላይ ባደረገው ምርመራ እርጥበቱ ተጠብቆለት የተሸፈነው ቍስል ተገልጦ ከደረቀው ይልቅ ፈጥኖ አዲስ ቆዳ እንደሚያበቅል አሳይቷል። በአዳማ አቧራ መካከል ለሚኖር ሰው ይህ እውቀት ሁለት ጊዜ ይጠቅመዋል። ስለዚህ ቍስሉ ይሸፈን፤ በየሰዓቱም እየተከፈተ አይታይ። ፋሻው የራሰ፥ የቈሸሸ ወይም የሸተተ እንደ ሆነ ወዲያው ይለወጥ፤ ያለዚያ ሐኪሙ ባዘዘው ቀን ይለወጥ። ጎዙ ተጣብቆ ቢገኝ በንጹሕ ውሃ አርሶ ጥቂት ቈይቶ ማንሣት እንጂ መንጨት አይገባም።

ምናልባት አስቀድሞ የተለጠፈ ፕላስተር ቢኖር፥ በአንድ ጊዜ ተመንጭቆ ይውጣ የሚለውን ምክር አትቀበሉ። የፕላስተሩን ጠርዝ በጥቂት ቫዝሊን ወይም ዘይት አለስልሱ፤ ቅባቱ ወደ ቍስሉ አይግባ። ከዚያም በአንድ እጅ ቆዳውን ደግፎ በሌላው እጅ ፕላስተሩን ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ኋላ አጥፎ፥ ቆዳውን ተከትሎ ዝቅ አድርጎ፥ ጠጕር በበቀለበት አቅጣጫ ቀስ እያሉ መላጥ ነው።

አሁን ወደ ስኳር በሽተኛው እግር እንመለስ። የስኳር በሽታ ለብዙ ዓመት የቈየበት ሰው በእግሩ ያሉት የስሜት ነርቮች ይደክማሉ፤ ስለዚህ ጫማ ቢፋጀው፥ ድንጋይ ቢወጋው፥ የሞቀ ውሃ ቢያቃጥለው አይሰማውም። ደሙም ወደ እግሩ እንደ ቀድሞው ስለማይደርስ ቍስሉ ለመዳን ይዘገያል። ለምሳሌ ያህል እድሜያቸው የገፋ አንድ አባት በጣታቸው ላይ ትንሽ መላጥ አገኙ እንበል። ልጆቻቸው በፍቅር ብርቱ ፕላስተር ይለጥፉላቸዋል። ፕላስተሩ በሦስተኛው ቀን ሲነሣ የጣቱን ቆዳ ይዞ ይነሣል፤ እርሳቸው ግን ስለማያማቸው ዝም ይላሉ። ቍስሉ ከጣት ወደ እግር፥ ከሥጋም ወደ አጥንት ይሄዳል። ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ የሚመከረው ስለ ፋሻ ሳይሆን ስለ እግር መቈረጥ ይሆናል። ሕመም አለመሰማቱ የጤና ምልክት መስሎ ስለሚያታልል፥ እንዲህ ያለ አባት ወይም እናት ያለበት ቤት ሁሉ እግራቸውን በየማታው በብርሃን ይመልከት፤ በጣቶቹ መካከልና በውስጥ እግሩም ይፈልግ። በእግራቸው ላይ ትንሽም ቢሆን ቍስል የተገኘ እንደ ሆነ የማይጣበቅ ጎዝ አድርጎ በፋሻ ላላ አድርጎ አስሮ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው።

ከዚህም በቀር ሐኪም የሚያስፈልጋቸው ቍስሎች እነዚህ ናቸው፤ ለ10 ደቂቃ ያህል ያለ ማቋረጥ ተጭነው ይዘውት ደሙ ያልቆመ፤ ጥልቅ የሆነ ወይም የተከፈተ፤ በዛገ ብረት ወይም በአፈር የቈሸሸ፤ ቅላቱ እየሰፋ የሄደ፥ መግል የያዘ፥ ትኵሳትም ያስከተለ ቍስል፤ እንዲሁም በፊት፥ በእጅና በመገጣጠሚያ ላይ የደረሰ ቃጠሎ። ውሻ የነከሰው ሰው ቍስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥቦ በዚያው ቀን ስለ እብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ወደ ሐኪም ይሂድ።

ለቤታችሁ መድኃኒት ሣጥን የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ጥቂት ቫዝሊን ጎዝ፥ በየግሉ የታሸገ ንጹሕ ጎዝ፥ ስፋታቸው የተለያየ ሦስት ወይም አራት ጥቅል ፋሻ፥ አንድ የሚለጠጥ ፋሻ፥ ጥቂት መረብ ፋሻ፥ መቀስና ሳሙና ይበቃሉ። በመድኃኒት ቤት ስትገዙ እሽጉ ያልተቀደደ፥ ጊዜውም ያላለፈ መሆኑን ተመልከቱ፤ የሚታሰርለትም ሰው ሽማግሌ ወይም ሕፃን እንደ ሆነ፥ ስኳር በሽታም እንዳለበት ለባለ መድኃኒት ቤቱ ንገሩ፤ ማጣበቂያ የሌለውን ስጠን በሉ። ሣጥኑንም ፀሐይና አቧራ በማይደርስበት ስፍራ አኑሩት።

በመጨረሻም ሥልጣንና ኃላፊነት ላላችሁ አንባቢዎቻችን የምናሳስበው አለ። በመሥሪያ ቤት፥ በትምህርት ቤትና በእርሻ ጣቢያ ለመጀመሪያ እርዳታ ተብሎ የሚሰቀለው ሣጥን ብዙ ጊዜ ሲከፈት የሚገኝበት አንድ ጥቅል ፕላስተርና ጥቂት ጥጥ ነው። ሣጥኑን ለመሙላት የምትፈርሙት እናንተ ናችሁ። በሸንኮራው እርሻ የሚያልበው ሠራተኛ፥ በየቢሮው በር የሚቀመጠው ሽማግሌ ዘበኛ፥ በትምህርት ቤት ሜዳ የሚወድቀው ሕፃን፥ ሦስቱም በዚያ ፕላስተር እኩል አይረዱም። በሚቀጥለው ግዢ ቫዝሊን ጎዝና ፋሻ በዝርዝሩ ውስጥ እንዲገባ፥ አስተሳሰሩንም የሚያውቅ አንድ ሰው በየስፍራው እንዲኖር ብታዙ ወጪው ጥቂት ነው፤ ጥቅሙ ግን የሰው እግር ነው።

እግዚአብሔር ጤናችሁን ይጠብቅልን።